የእናቶቻችን ቢል የማን ጉዳይ ነው?

ወገኖች፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ትልቅ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ስልክ ቢል ነው። «ይሄ ገጽ ምን ነካው?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ከዚያ ፍረዱ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አክስቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሥራ ትሠራለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የወንድሟ ልጅ ዲቪ ደርሶት መጣ። እንደምታውቁት አዲስ የመጣ ሰው ክሬዲት የለውም፤ በስሙ ምንም ነገር ማውጣት ይከብደዋል። ስለዚህ እንደ ወጋችን አክስቴ ይዛው ስልክ ሱቅ ሄደች። በእሷ ስም ፋሚሊ ፕላን ወጣ፦ ለእሷ አንድ መስመር፣ ለልጇ አንድ፣ ለእንግዳው አንድ። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ስልኩ ነፃ ነው» አላት። ቀጥሎም «አራተኛ መስመር በነፃ ልጨምርልሽ» ብሎ ሲም ካርድ በፖስታ አድርጎ ሰጣት። ያ ፖስታ እስከ ዛሬ የኪችኗ መሳቢያ ውስጥ አለ። አልተከፈተም።

በ11ኛው ወር ልጁ ትራክ ሊነዳ ዳላስ ሄደ። እዚያ የራሱን ስልክ አወጣና ደወለላት፤ «እትዬ፣ የኔን መስመር ዝጊው» አላት። እሷም ለኩባንያው ደውላ፣ 40 ደቂቃ ሙዚቃ ሰምታ፣ የልጁንም ያንን የማይሠራውንም መስመር ዝጉልኝ አለች። «ኦኬ፣ ተዘግቷል» ተባለች። በቃ። የማረጋገጫ ቁጥር የለ፣ ኢሜይል የለ፣ ደብዳቤ የለ።

በሚቀጥለው ወር ከባንኳ 550 ዶላር ወጣ። ለምን? «ነፃ» የተባለው ስልክ ዋጋው 792 ዶላር ነበር። በ36 ወር ተካፍሎ በየወሩ 22 ዶላር ይጻፍባታል፤ በዚያው ቢል ላይ ደግሞ 22 ዶላር ይቀነስላታል። ነፃ የሚባለው ይሄ ነው። መስመሩ ሲዘጋ ቅናሹ ይቆማል፣ የቀረው 25 ወር ግን በአንድ ጊዜ ይመጣል። 25 ጊዜ 22፣ 550።

አራተኛው መስመር ደግሞ ጭራሽ አልተዘጋም። ነፃ የነበረው ሌሎቹ ሦስቱ እስካሉ ድረስ ብቻ ኖሯል። አንዱ ሲዘጋ ነፃነቱ አበቃ፤ በየወሩ 35 ዶላር መቁጠር ጀመረ። ሰባት ወር ቆጠረ፤ 245 ዶላር። ማንም ያልደወለበት፣ ከፖስታ ያልወጣ ሲም ካርድ!

ድምሩ 795 ዶላር ነው። ክፍያው በአውቶፔይ ስለሆነ ማንም ሳይጠይቃት ነው የወጣው። እኔም የደረስኩበት በአጋጣሚ ነው። «ስልኬ ሞላ ይለኛል፣ ፎቶ አጥፋልኝ» ብላ ስትሰጠኝ የኩባንያውን መተግበሪያ ከፈትኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«550ዋንማ አይቻታለሁ። ልጁ እንዳይሰማ ብዬ ነው። ገና ኑሮ እየጀመረ ላሳቅቀው? አንተም የራስህ ጣጣ አለብህ። ደግሞስ በእንግሊዝኛ ተከራክሬ ማን ይሰማኛል? ከፍዬ ዝም ብል ይሻላል።»

«ከፍዬ ዝም ብል ይሻላል።» ወገኖቼ፣ ስንቱ ቤት ውስጥ ነው ይህች ዓረፍተ ነገር የምትባለው?

እስቲ ራሳችንን እንመርምር። አገር ቤት አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ካርድ ሞልቶ መደወልን ነው። ካርዱ ሲያልቅ ወሬው ያልቃል። ሳታውቀው እያደገ የሚጠብቅህ የ36 ወር ውል የለም። በዚያ ላይ ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ የሞባይል ኩባንያ አንድ ብቻ ነበር። «ካልተስማማን ወደ ሌላ እሄዳለሁ» የሚል ቋንቋ አልለመድንም። ይሉኝታችን ሲጨመርበት ደግሞ በቃ፣ ለእነዚህ ኩባንያዎች የምንመች ደንበኞች ሆንን።

ግን ነገሩ የኛ የዋህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ተወልዶ፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰውም ተበልቷል። ከዓመታት በፊት በአሜሪካ የስልክ ቢሎች ላይ ሰዎች ያላዘዙት የቴክስት አገልግሎት፣ ሆሮስኮፕና የስልክ ጥሪ ዜማ እየተባለ ብዙውን ጊዜ በወር 9.99 ዶላር ይጨመር ነበር። መንግሥት መርምሮ በጥቅምት 2014 ኤቲ ኤንድ ቲን 105 ሚሊዮን፣ በታኅሣሥ 2014 ቲ ሞባይልን 90 ሚሊዮን፣ በግንቦት 2015 ደግሞ ቬራይዘንን 90 ሚሊዮን፣ ስፕሪንትን 68 ሚሊዮን ዶላር ለማስከፈል ስምምነት ላይ ደረሰ። ድምሩ 353 ሚሊዮን ዶላር ነው። አብዛኛው ገንዘብም ለደንበኞች ተመላሽ እንዲሆን ነበር። ልብ በሉ! ይሄ ሁሉ ገንዘብ የተጠራቀመው ከአሥር ዶላር ከአሥር ዶላር ነው። «ለአሥር ዶላር ብዬ አልጨቃጨቅም» ካለ ሰው።

ሌላም ልጨምር። በካሊፎርኒያ ባልና ሚስት «ነፃ ስልክ» ተብለው ወሰዱ፤ ቢሉ ሲመጣ ግን የሽያጭ ታክስ ተብሎ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም ተጠየቁ። ከሰሱ፤ እንደነሱ የሆኑትም ሁሉ በአንድ መዝገብ እንዲጠቃለሉ ተጠየቀ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በሚያዝያ 2011 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለኩባንያው ፈረደ። ውሉ «ክርክር ካለህ በግልግል ዳኝነት፣ ለብቻህ» ይላልና ውሉ ይጸናል አለ። ዛሬ የምንፈርማቸው የትልልቆቹ ኩባንያዎች ውሎች ውስጥ ይሄው አንቀጽ አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት እነሱም ያውቁታል ማለት ነው። ለዚህ ነው ለብቻህ ና የሚሉህ። ለ30 ዶላር ብሎ ለብቻው የሚሟገት ደግሞ ማን አለ?

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔና አክስቴ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የ12 ወር ቢል ከመተግበሪያው አወረድን። ከዚያ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቀኑን በቅደም ተከተል ጻፍን፦ መቼ ተፈረመ፣ መቼ ደወለች፣ ምን ተባለች፣ ከዚያ በኋላ በየትኛው ወር ስንት ወጣ። የደወለችበት ቀንና ደቂቃ በስልኳ መዝገብ ላይ ነበር። ለኩባንያው በድጋሚ ደወልን፤ «ሪከርድ የለንም» አሉ። ስለዚህ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍሲሲ ለሚባለው፣ አቤቱታ አስገባን። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጠበቃም አያስፈልግም። በድረ ገጻቸው ይሞላል፤ ወይም 1-888-225-5322 ይደወላል። አቤቱታው ለኩባንያው ይተላለፋል፤ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እኛ በ12ኛው ቀን ተደወለልን። ያው «ሪከርድ የለንም» ያለው ኩባንያ ሪከርዱን አገኘው!

245ቱ ዶላር ተመለሰ። 550ው ግን አልተመለሰም። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ አይመለስም ነበር። ውሉ ላይ ተጽፏል፣ አክስቴም ፈርማለች። ሻጩ «ነፃ» ሲላት አንባቢ አጠገቧ አልነበረም። ያ ጥፋት የሻጩ ብቻ አይደለም፤ የኔም ነው።

ከዚህ የተማርኩትን አጠር አድርጌ ላስቀምጥላችሁ።

«ነፃ» ሲባል ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ለስንት ወር? በመሀል ብዘጋውስ ስንት እከፍላለሁ?» ዛሬ እንደ ድሮው ውል ማፍረሻ ተብሎ ለስማርት ስልክ እስከ 350 ዶላር የሚጠየቅበት ዘመን በአብዛኛው አልፏል። ማሰሪያው አሁን የስልኩ ቀሪ ዋጋ ነው። ስሙ ተቀየረ እንጂ ገመዱ ያው ነው።

ኩባንያ ስትቀይሩ ቁጥራችሁን ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አትዝጉ። አዲሱ ኩባንያ ቁጥሩን እንዲያዛውር አድርጉ፤ ቁጥሩ ሲዛወር የድሮው መስመር ይዘጋል። ዕዳ ቢኖርባችሁ እንኳ የድሮው ኩባንያ ቁጥራችሁን አልለቅም ማለት አይችልም። ዕዳው ግን ይከተላችኋል።

በስልክ ስትዘጉ የማረጋገጫ ቁጥርና የሠራተኛውን ስም ጠይቁ፤ በጽሑፍ እንዲልኩላችሁም አድርጉ። ከዚያ የሚቀጥሉትን ሁለት ቢሎች ከፍታችሁ እዩ። አውቶፔይ ቅናሽ አለው፣ እሺ ይሁን። ማየት ግን አይከለክልም።

ስትጣሉ ደግሞ ተናድዳችሁ ጠቅላላውን መክፈል አታቁሙ። የማትከራከሩበትን ክፈሉ፤ የምትከራከሩበትን በጽሑፍ አስታውቁ። ቢሉ ኮሌክሽን ከገባ ክሬዲታችሁ ላይ እስከ ሰባት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፤ ቤት መከራየትም መኪና መግዛትም እዚያ ላይ ነው የሚያያዘው። ሰብሳቢው ከጻፈላችሁ በ30 ቀን ውስጥ በደብዳቤ «ዕዳው የኔ መሆኑን አረጋግጥልኝ» በሉት። ማረጋገጫውን እስኪልክ ድረስ ማሳደዱን ማቆም አለበት። አብዛኞቹ ውሎች የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት መሄድንም አይከለክሉም።

ለሌላ ሰው የምትፈርሙ ወገኖች፣ ይሄኛውን አደራ! ፋሚሊ ፕላን ላይ ስትፈርሙ ዋስ አይደላችሁም። ዋስ ባለዕዳው ሲጠፋ ነው የሚጠየቀው። እናንተ ግን ራሳችሁ ባለዕዳ ናችሁ። ለአዲስ መጤ መርዳት የምንኮራበት ባህላችን ነው፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ግን የቅድሚያ ክፍያ መስመር አውጡለት፤ ክሬዲት አይጠየቅበትም፣ በወሩ ያልቃል፣ ሲፈልግ ይተወዋል። እናንተም ካርድ ሞልቶ መደወልን አስታውሱት፤ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው እሱን ነው። በፋሚሊ ፕላን የታሰራችሁና ከቤታችሁ ጥቃት የምትሸሹ እህቶች ደግሞ ይህን እወቁ፦ በታኅሣሥ 2022 የወጣ የፌዴራል ሕግ የእናንተንና የልጆቻችሁን መስመር ከአጥቂው ሂሳብ ማስለየት መብታችሁ ነው ይላል። ለዚህም ቅጣት አይጠየቅባችሁም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ስለ አገር ጉዳይ ሌሊቱን ሙሉ ላይቭ ላይ ስንከራከር እናድራለን። ሕገ መንግሥት በአንቀጽ እንጠቅሳለን። ታሪክ በዓመተ ምሕረት እንቆጥራለን። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የእናታችንን ቢል ግን አንከፍተውም። እሷ ሌሊት ሠርታ ያመጣችውን ጠዋት አውቶፔይ ሲወስደው ዝም ብለን እናያለን። «ወገኔን እወዳለሁ» ማለት ከዚህ ካልጀመረ ከየት ነው የሚጀምረው?

ቢያንስ ይህን እናድርግ። በየከተማው ያለ ማኅበር፣ ዕድር፣ የወጣቶች ቡድን በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ይመድብ። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ይቀመጥ። እናቶችና አባቶች ቢላቸውን ይዘው ይምጡ። ውሉ ለብቻህ ክሰስ ይላል እንጂ ለብቻህ አንብብ አይልም። እያንዳንዱ አቤቱታ በየስሙ ይግባ፤ የምንጽፈው ግን አብረን እንሁን።

ዝም አይነቅዝም ይላል ተረታችን። አክስቴም በዚህ ታምን ነበር። የሷ ዝምታ ግን በወር 35 ዶላር ይነቅዝ ነበር።

ዛሬ ማታ ሥራ ከመግባቷ በፊት ለእናታችሁ፣ ለአክስታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ ደውሉና «ቢልሽን ላየው?» በሏት። «ምን ያደርግልሃል፣ ተወው» ትላችኋለች። አትተዉት።

ይህን ጽሑፍ ለምታውቁት ሁሉ አካፍሉ። የገጠማችሁንም ከታች ጻፉልን፤ አንዱ የደረሰበት ለሌላው ትምህርት ነውና።