ከምንጣፉ ሥር ያለው ፓርኬ

አዲስ አበባ መስቀል ፍላወር አካባቢ ቪላ ገዝቶ ወይም ተከራይቶ የሚያድስ ሰው ስለ ወለል ባለሙያ ሲያነጋግር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካሬው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ባለሙያውም አንድ ቁጥር ይጠራል። ክርክሩ፣ ልመናው፣ ቀብዱ ሁሉ በዚያች ቁጥር ዙሪያ ያልቃል። በቁጥሯ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይባስ ብሎ፣ አዲሱን የሚያስንቅ እንጨት ላይ ቆሞ ስለ አዲስ ወለል ዋጋ የሚከራከረው ሰው ቀላል አይደለም።

በሰፈሩ ከአብዮቱ በፊት የተሠሩ ቪላዎች ዛሬም አሉ። አንዳንዶቹ ምግብ ቤት፣ አንዳንዶቹ ቢሮ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። በዘመኑ አሠራር ወጥ ቤቱና በረንዳው ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ድንጋይ፣ ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ደግሞ ፓርኬ ነበር፤ ሰም ተቀብቶ እስኪያብረቀርቅ የሚወለወል፣ ልጆች በካልሲ የሚንሸራተቱበት ፓርኬ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ከእነዚህ ቪላዎች ብዙዎቹ ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። ተከራይ የራሱ ባልሆነ ቤት ወለል አይቀይርም፤ አከራዩ መሥሪያ ቤትም ለዕድሳት እጁ አይፈታም። ፓርኬውን ለዛሬ ያተረፈው እንክብካቤ ሳይሆን ይኸው ቸልታ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አሁን ግን ቤቱ እጅ ሲቀይር ወይም ለንግድ ሲከራይ መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው። ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ቁራጭ ተነቃንቋል፣ ሲረግጡት ይንቋቋል። «ይነሣና ሴራሚክ ይሁን» ይባላል። ወይም ላሚኔት ይነጠፍበታል፤ ይኸውም የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት በተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ላይ ተለጥፎ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ላሚኔት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ዋጋው ይቀንሳል፣ በአንድ ቀን ይነጠፋል። ነገር ግን ፊቱ አንዴ ከተፋቀ አይላግም፣ ውኃ ከጠጣም ጠርዙ ያብጣል። ያኔ ያለው ምርጫ ነቅሎ መጣል ብቻ ነው።

እስቲ የካሬዋን ቁጥር እንፍታት። ለስሌት እንዲመች ካሬው 5,000 ብር ነው ተባለ እንበል፤ ክፍሉ 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው። ሃያ ካሬ ስለሆነ 100,000 ብር የሚል ሒሳብ በባለቤቱ ጭንቅላት ይሠራል። እንጨት ሲቆረጥ ብክነት አለው፤ ለቀጥታ ንጣፍ 10 በመቶ ያህል ይጨመራል፣ ለዓሣ አጥንት ቅርጽ ከዚያም ይበልጣል። 110,000 ደረሰ። ደረሰኝ ከተጠየቀ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ 126,500 ሆነ። በዚህ ውስጥ ገና የግድግዳው ዙሪያ ዞኮሎ የለም፤ የበሩ ክፍት ተቀንሶ እንኳ 17 ሜትር ገደማ ነው። ኮላው፣ በማሽን መላጉ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ፣ ሁለትና ሦስት እጅ ቫርኒሹ፣ በስንጥቁ የሚሞላው በኮላ የተለወሰ ሰጋቱራ፣ አሮጌውን ነቅሎ የሚጭነው መኪና፣ ከፍታው ስለተለወጠ ከሥሩ የሚቆረጠው በር አለ። እነዚህ «በካሬው ውስጥ ናቸው» ወይስ «ለብቻ ናቸው» የሚለው ጥያቄ ከቀብዱ በፊት በወረቀት ካልሰፈረ ጠቡ በሥራው እኩሌታ ላይ መነሣቱ አይቀርም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ኮላ፣ ቫርኒሽ፣ የማሽን መለዋወጫ፣ ላሚኔቱም ጭምር አብሮ ወጣ። ስለዚህ ባለሙያው የዛሬ ሳምንት የጠራውን ዋጋ ዛሬ ቢለውጥ ሁልጊዜ ስግብግብነት አይደለም።

እንጨቱ ራሱስ? ሃያ ካሬ ወለል በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ብክነቱ ተጨምሮ፣ 0.44 ሜትር ኩብ ያለቀለት እንጨት ይፈልጋል። ግንድ ወደ ጣውላ ሲሰነጠቅ ግማሽ ያህሉ ቅርፊት፣ ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሲደርቅና ሲላግ ደግሞ ሌላ ይቀንሳል። እንግዲህ አንድ መካከለኛ ሳሎን ብቻውን ከአንድ ሜትር ኩብ በላይ ግንድ ይበላል ማለት ነው። የድሮዎቹን ቤቶች ያለበሱት አገር በቀል ዛፎች ደግሞ እንደ ልብ አይገኙም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥ ከልክሎ ነበር። የሕጉ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ቢቀየርም ዛፎቹ አልበዙም። አንድ ዝግባ ለጣውላ እስኪደርስ ያለው ጊዜ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። በመስቀል ፍላወር ሳሎን ውስጥ ተነቅሎ በገልባጭ መኪና የሚጫነው አሮጌ ፓርኬ ዛሬ በሕጋዊ መንገድ በቀላሉ የማይተካ ዕቃ ነው። ለማንሣት ደግሞ ይከፈልበታል!

ለምን አይታደስም? ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፓርኬ በማሽን ሲላግ የሚቀንሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢበዛ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ከዓመታት ሰምና ጥላሸት ሥር ያለው እንጨት በተቆረጠበት ዘመን ቀለሙ ይወጣል። የተነቃነቁት ቁርጥራጮች ተነቅለው ይለጠፋሉ፤ የጎደለው ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ጀርባ ተወስዶ ይሞላል። የሚከፈለው ለእጅ፣ ለብርጭቆ ወረቀትና ለቫርኒሽ ነው። ዋናው ወጪ፣ ማለትም እንጨቱ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት በሌላ ሰው ተከፍሏል። ባለቤቱ ሌላ ሳይጠይቅ አንድ ቁራጭ አስነቅሎ ውፍረቱን በማስመሪያ ቢለካ ብቻ ከሚያወጣው ገንዘብ ትልቁን ሊያድን ይችላል።

አዲስ ወለል የግድ ከሆነም ሒሳቡን የሚያበላሸው እርጥበት ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛውም በክረምት ይወርዳል፤ በጋው በተቃራኒው ደረቅ ነው። እንጨት በስፋቱ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰበሰባል። በደንብ ሳይደርቅ ሐምሌ ላይ የተነጠፈ ፓርኬ ጥር ላይ በመሐሉ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ያሳያል። ከእንጨቱ ሥር ባለው የሲሚንቶ ሊሾ ላይም ችኮላ አለ። አምስት ሴንቲ ሜትር ሊሾ እስኪደርቅ ወደ ሁለት ወር ይወስዳል፤ ተከራይ ሊገባ ነው ተብሎ በሁለተኛው ሳምንት ይለጠፍበታል። ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ በማግስቱ ማየት ምንም ወጪ የለውም፤ ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ሊሾው ገና ነው። ከግድግዳው ጥግ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ በዞኮሎ መሸፈኑም ለማማር ሳይሆን እንጨቱ ሲያብጥ መፈናፈኛ እንዲያገኝ ነው።

ያረጀ እንጨት ያገለግላል ወይ ብሎ የሚጠራጠር ፒያሳ ወጥቶ ጣይቱ ሆቴልን ይይ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ያ ሕንፃ በጥር 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ ተርፎ ዛሬም እንግዳ በእንጨት ወለል ላይ ያስተናግዳል። ወደ ካዛንቺስ ሲወረድ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሰፈሩ ሲፈርስ ቆርቆሮው፣ በርና መስኮቱ ገዥ አገኘ። ፓርኬ ግን በሬንጅ ወይም በኮላ ስለሚያያዝ ለመንቀል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ማፍረሻ ማሽን ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ከተማው አንድ ቤት ከመፍረሱ በፊት የወለሉ እንጨት እንዲነቀል ጥቂት ቀን ቢሰጥ፣ የተነቀለውም በጨረታ ቢሸጥ ለአሮጌ ቪላ ጥገና የሚሆን ዕቃ ገበያ ላይ ይገኝ ነበር።

ለአዲስ ቤት የሚሆነው እንጨትስ ከየት ይምጣ? መልሱ በምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ይስቃል፤ ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለግንባታ መወጣጫ ነው እንጂ ለሳሎን አይታሰብም። ነገር ግን ከምዕራብ አውስትራሊያ የሚመጣው ጃራ የተባለ የባሕር ዛፍ ዝርያ የታወቀ የወለል እንጨት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የለንደን መንገዶች ሳይቀሩ በጃራ ቁርጥራጭ ተነጥፈው ነበር። የእኛው ዝርያ ሌላ ነው፣ ሲደርቅም የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ አለው። ስለዚህ በዕድሜ የጠና ግንድ መምረጥ፣ በጥላ ቀስ ብሎ ማድረቅ፣ ከዚያ በማድረቂያ ክፍል መጨረስ ያስፈልጋል። የማድረቂያ ክፍል ውድ ነው። ባንኮች ለሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ አስመጪ የሚሰጡትን ብድር ያህል ለእንጨት ማድረቂያ ቢሰጡ ግን የካሬው ዋጋ ከዶላር ጋር የሚወጣ የሚወርድበት ምክንያት ይቀንስ ነበር።

እንጨት ለሁሉም ክፍል ይሁን ማለት አይደለም። ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ ከመሬት እርጥበት የሚስብ የምድር ቤት ክፍል ሴራሚክ ይነጠፍባቸው። ዕቃው በየጊዜው የሚጎተትበት ምግብ ቤትም ላሚኔት አንጥፎ በየጥቂት ዓመቱ ቢቀይር ሒሳቡ ያዋጣው ይሆናል። የቪላው ሳሎን ግን ከምንጣፉ ሥር ምን እንዳለ ሳይታይ ለአዲስ ወለል ቀብድ ባይከፈልበት ይሻላል።