በወደቀ ዛፍ ምሳር ሲበዛ፣ ዘበኛው ወዴት ነበር?



ሰሞኑን እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ ላይ፣ ከአንድ ጡረተኛ ወዳጄ ጋር ቡና ስንጠጣ ጨዋታችን ሳናስበው ወደ 1993 ዓ.ም. ተመለሰ። «አባተ ኪሾ የወረዱ ዕለት አንተም አጨብጭበህ ነበር» አሉኝ ጋሼ። እውነታቸውን ነው፤ አጨብጭቤ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ያ ጭብጨባ ነው።

ለወጣቶቹ ነገሩን ላስታውስ። በ1993 ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ በዚያው ወቅት የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ከተሸነፈው ወገን መሪዎች አንዱ፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ፣ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲወጡ ፈቀዱ፤ ሰውዬው ግን ወዲያው እንደገና ተያዙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው የዋስትና መብት ቢሰጥም፣ ምክር ቤቱ የሙስና ተጠርጣሪ በዋስ እንዳይወጣ የሚከለክል ማሻሻያ በጥድፊያ አወጣ። በእኛም ከተማ የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት አባተ ኪሾ ከሥልጣን ተነሥተው በሙስና ተከሰሱ፤ በኅዳር 1994 ኃይለማርያም ደሳለኝ በቦታቸው ተተኩ።

ሰዎቹ ንጹሕ ነበሩ አልልም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር፣ ሥልጣን ላይ የነበረ ሁሉ ቢመረመር ደስታዬ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ መዝገቡ ስለምን ሰውየው ከወደቀ በኋላ ብቻ ይከፈታል? በወንበሩ ላይ ሳለ መርማሪው የት ነበር?

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ ያስፈልጋል። በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ከነጉድለቱ ይህንን ሥራ ከሞከሩት ግንባር ቀደሙ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ስዬ ከመታሰራቸው ከሳምንታት በፊት የጉባኤው መሥራች ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ራሳቸው ታስረው፣ ጽሕፈት ቤቱም ለቀናት ታሽጎ ነበር። በግንቦት 1994 ሎቄ ላይ በሰልፈኞች ላይ የደረሰውን ግድያ ያጋለጠው ይኸው ጉባኤ፣ በ2001 በወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከዐሥር በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት የዘበኛው እጅ ታስሮ ነበር።

ታዲያ ዘበኛ ሁሉ ዘበኛ አይደለም። በአሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ሪፐብሊካኖች በፕሬዚዳንት ባይደን ላይ ከሥልጣን የማስነሻ ምርመራ ሲከፍቱ፣ ኮንግሬሽናል ኢንተግሪቲ ፕሮጀክት የሚባል ቡድን መርማሪዎቹን መልሶ ይመረምር ነበር። ምርመራው የክስ አንቀጽ ለድምፅ ሳይቀርብበት ከሰመ። ቡድኑ ግን ለዴሞክራቶች የወገነ ነበርና ተቃዋሚዎቹ ሊያምኑት አልቻሉም። የራሱን ወገን ብቻ የሚጠብቅን ዘበኛ ጎረቤቱ ዘበኛ አይለውም፤ ጠበቃ ይለዋል።

የእኛ ዘበኛ ከዚህ የተለየ እንዲሆን እሻለሁ። ተከሳሹን ሳይሆን ሥርዓቱን ይጠብቅ። የሚጠላውም ሰው ሲከሰስ «ማስረጃው ምንድን ነው? ዳኛው ነፃ ነውን? ዋስትናው ስለምን ተነፈገ?» ብሎ ይጠይቅ። ምክንያቱም ለአንድ ሰው ተብሎ የወጣ ሕግ በዚያ ሰው ላይ አያበቃም። ያን ጊዜ ዋስትና የፈቀዱት ዳኛ ብርቱካን እንኳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሳቸው ታሳሪ ሆኑ።

ጋሼ ሲኒያቸውን እያስቀመጡ «ታዲያ ዛሬ ቢሆን ታጨበጭባለህ?» አሉኝ። አላጨበጭብም። መጀመሪያ መዝገቡን አሳዩኝ እላለሁ።

ቸር እንሰንብት።