«ደም ታየባትና ትጣል ተባለች»

«አሥረኛ ወሯን የያዘች ሴት ውሻ አለችን። ከሦስት ቀን ወዲህ በረንዳው ላይ የደም ጠብታ እናያለን። ከኋላዋም አብጧል። የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በራችን ላይ ያድራል። እናቴ ‹ታማለች› ትላለች። አባቴ ደግሞ ‹ሴት ውሻ መዘዝ ነው፣ ወስዳችሁ ጣሏት› ብለዋል። እስከ እሑድ ቀን ሰጥተውኛል። ምን ላድርግ?»

ይህን የጻፈችልን ከጉለሌ አንዲት እህታችን ናት።

እህቴ፣ ተረጋጊ! ውሻሽ አልታመመችም፤ ደርሳ ነው። ሴት ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ በየ6 ወሩ ገደማ ይመላለሳል። ትልልቅ ዝርያዎች ይዘገያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ 9 ቀናት ገደማ ብልቷ ያብጣል፣ ደም ይታያታል፣ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች፣ ራሷን ትልሳለች። ወንዶቹ ይከተሏታል፣ እሷ ግን ጥርሷን አሳይታ ታባርራቸዋለች። ቀጥሎ ባሉት 9 ቀናት ገደማ ደሙ እየሳሳ፣ እየፈዘዘ ይሄዳል። ያኔ ጅራቷን ወደ ጎን አድርጋ ትቆምላቸዋለች። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ደሙ ቆመ፣ አለፈላት» ብሎ በሩን ይከፍታል። የምታረግዘው ግን ያኔ ነው!

ስለዚህ ደም ካየሽበት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ። ቢያንስ 3 ሳምንት፣ ለጥንቃቄ 4 ሳምንት ጠብቂያት። ማታ ማታ በር ባለው ክፍል ትደር። ግቢ ውስጥ በገመድ ማሰር ብቻውን አይበቃም፤ ወንዶቹ አጥር ይዘላሉ፣ እሷም ማምለጥ አትችልም። ወንድሟ አብሯት ካደገ እሱንም ለዩት። አሮጌ አንሶላ አንጥፊላት፣ ቶሎ ቶሎ እጠቢው። ምግብ ብትቀንስ አትደንግጪ፣ ውሃ ግን አይጉደልባት።

ቢያመልጧችሁና ተጣብቀው ብታገኟቸው ድንጋይ፣ ዱላ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አያስፈልግም። ተፈጥሯቸው ነው፤ እስከ ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ። በጉልበት መለየት ሁለቱንም ይጎዳል። ወንዶቹ ሲናከሱም መሃል አትግቢ። የነከሰሽ ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው። ውሻሽም ክትባቷ እንዳያልፍባት።

«የሰው የወሊድ መከላከያ ስጧት» የሚሉ ጎረቤቶች አይጠፉም። አትስሚያቸው! ማህፀኗ እንዲመግል ሊያደርግ ይችላል። ጊዜው ካለፈ በኋላም እስከ 2 ወር ድረስ ተከታተያት። ውሃ ካበዛች፣ ከደከማት፣ ካስመለሳት፣ ከብልቷ መግል ከወጣ ወይም ሆዷ ከተነፋ ለነገ ሳትዪ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጃት። መግሉ ሳይወጣ ውስጥ የሚጠራቀምበትም ጊዜ አለ፣ እሱ ይብሳል።

አሁን ወደ አባትሽ እንምጣ። ፊት ለፊት አትጋፈጫቸው። ቡናው ሲፈላ ጠብቀሽ፣ በእናትሽ በኩል እንዲህ በያቸው፦ «ይህ የ3 ሳምንት ጉዳይ ነው። አሁን ከተጣለች መንገድ ላይ ወንድ ይረባረብባታል፣ ትነከሳለች። 63 ቀን ገደማ ሲሞላ ደግሞ ቦይ ውስጥ ትወልዳለች። ያልተከተቡት ቡችሎች አድገው ተመልሰው እኛው በር ላይ ይመጣሉ።»

ችግሩ ለዘለቄታው እንዲያበቃ ከፈለጋችሁ መፍትሔው ማምከን ነው። የእንስሳት ሐኪም በቀዶ ጥገና የእንቁላል ማመንጫዎቿንና ማህፀኗን ያወጣል፤ ደሙም፣ የወንዶቹ ሰልፍም፣ የማህፀን መግሉም ይቀራል። አሁን ግን አይደለም። በዚህ ሰዓት ወደ ማህፀኗ የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው ካለፈ ከ2 እስከ 3 ወር መጠበቅን ይመርጣሉ። እስከዚያ ብር ማጠራቀም ትችያለሽ።

እሑድ ሳይደርስ ተናገሪ እህቴ። አባትሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልን።