በረዶ የለበሰው ዘንባባ

ባለፈው ሳምንት በጂኦግራፊ ሰዓት ስለ አየር ጠባይ ሳስረዳ፥ አንድ ተማሪ ከኋላ ተነሥቶ «መምህር፥ ዘንባባ በረዶ በሚጥልበት አገር ይበቅላል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ግመል ውርጭ ላይ ተኝታ ካየህ ዘንባባም በበረዶ ውስጥ ታገኛለህ» ብዬ መለስሁለት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ማታ መጻሕፍት ስገላልጥ ግን ሊሳቅ የሚገባው በእኔ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ዘንባባ አለ። የትውልድ አገሩ ቻይና ሲሆን፥ ገበሬዎች ግንዱን ከሸፈነው ቃጫ ገመድና ገሣ ይሠሩበት ነበር። ሮበርት ፎርቹን የተባለ ስኮትላንዳዊ ዕፀዋት ሰብሳቢ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1849 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ላከው፤ በሳይንስ የሚጠራውም በእርሱ ስም «ትራኪካርፐስ ፎርቹኒ» ተብሎ ነው። ሥር የሰደደ ተክል ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ብርድ ለአጭር ጊዜ ይችላል።

ይሁን እንጂ አንድ ድካም አለበት። ሌላው ዛፍ ቅርንጫፉ ቢደርቅ ከጎኑ ያቆጠቁጣል፤ የዚህ ዘንባባ ቡቃያ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም በአናቱ በቅጠሎቹ መካከል ተሸሽጋለች። እርሷ ከሞተች ዛፉ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ የብርድ አገር አትክልተኛ የሚደክመው ይህችን ልብ ለማዳን ነው። ብርዱ ሳይበረታ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስቦ ያስራል፤ ሥሩን በገለባና በደረቅ ቅጠል ያለብሳል፤ ውሃ ገብቶ በልቡ ላይ እንዳይረጋ አናቱን ይጋርዳል። ብርዱ ሲያልፍም ቶሎ ይገልጠዋል፤ ታፍኖ የቆየ ይበሰብሳልና።

በደቡብ ስዊስ ደግሞ ይህ እንግዳ አገሩን እጅግ ለመደ። ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ስለ በተኑለት ከአትክልት ቦታ አልፎ ወደ ጫካ ገባ፤ የአገሩንም ዕፀዋት ተሻማ። በዚህ ምክንያት መንግሥት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. ሽያጩን ከለከለ።

ሰኞ ዕለት ይህን ሁሉ ለክፍሉ ነግሬ፥ ያን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። የተማሪም የመጠየቅ ፍላጎት በሳቅ አንድ ጊዜ ከተመታ ዳግመኛ ላያቆጠቁጥ ይችላል። እርሱ ግን ወዲያው እጁን አንሥቶ ሌላ ጥያቄ አቀረበልኝ። በዚህ ጊዜ «ነገ አንብቤ እመጣለሁ» አልሁት።