ለእግር ውሃ የሚነደው ማሳችን

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው፣ ወጡን አያጣፍጠውም። ነገር ግን ወገኖቼ፣ ይህ ተረት የተናገረው ስለ ወጥ ነው እንጂ ስለ ማገዶ አይደለም። ስለ ውሃማ ጭራሽ አላነሳም። ምድጃ ስለመለወጥ በተነሳ ቁጥር ይህችን ተረት ጠቅሶ ስብሰባውን በሳቅ የሚበትን ሰው በየቀበሌው አይጠፋምና፣ ዛሬ ከእሱ ጋር ትንሽ እንከራከር።

የምንነጋገረው ስለ ሙቅ ውሃ ነው። ስለ እንጀራ መጋገሪያ ብዙ ተብሏል። ውሃ ማሞቅ ግን እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ ስለማይቆጠርም ስንት ማገዶ እንደሚበላ ልብ የሚል የለም። እስቲ በአንድ የደጋ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን እንቁጠር። ጠዋት ለፊት መታጠቢያ፣ ለሕፃን ገላ፣ ለዕቃ ማጠቢያ፣ ለልብስ፣ ለታመመ ሰው፣ አራስ ካለች ለአራስ፣ ማታ ደግሞ ከእርሻ ለሚመለሰው አባወራ እግር። እንግዳ ከመጣም የእንግዳው እግር አለ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በመንዝና በጣርማ በር ያላችሁ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ታውቁታላችሁ። እዚያ አገር ላይ ቆሞ ሙቅ ውሃ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰው የቆላ ሰው መሆን አለበት።

ነገሩ የምቾት ብቻም አይደለም። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የጤና ሠራተኞች የሕፃናት ፊት በየቀኑ ይታጠብ እያሉ የሚመክሩትም ለዚህ ነው። ለመታጠቡ ቀዝቃዛ ውሃም ይበቃል፤ ግን በውርጭ ጠዋት የአራት ዓመት ልጅ ፊት በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ ታውቃላችሁ? ልጁ ያመልጣል፣ እናትየውም ታዝንለትና ትተወዋለች። ዓይኑም በዝንብ እንደተወረረ ይውላል። ሞቅ ያለ አንድ ጣሳ ውሃ ቢገኝ ኖሮ ልጁም አይሸሽም ነበር።

እንግዲህ ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል ካልን፣ በምን እናሙቀው ወደሚለው እንምጣ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደልና ቁጥር የቆጠሩ ጎልማሶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ያ ሁሉ ቁጥር ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው? እርሳስ አንሡ።

አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ አንድ ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ጄሪካን 20 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ፣ 20 ጊዜ 40፣ 800 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ ወደ 3,600 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ ሙቀቱ ሁሉ ድስቱ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ከሩብ ኪሎ ያነሰ እንጨት በበቃ ነበር። በሦስት ጉልቻ ላይ ግን ከመቶው ሙቀት ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከ10 እስከ 15 እጅ ብቻ ነው። ሌላው ወደ ጣሪያ፣ ወደ በር፣ ወደ ዓይናችን ይሄዳል። ስለዚህ ለዚያች ጄሪካን ከ1.5 እስከ 2.2 ኪሎ እንጨት እናነዳለን።

በቀን አንድ ጄሪካን ብቻ ብናሞቅ በዓመት ከ550 እስከ 800 ኪሎ መሆኑ ነው። የአንዲት ሴት ሸክም 30 ኪሎ ነው ብንል፣ ከ18 እስከ 27 ሸክም በዓመት ለሙቅ ውሃ ብቻ ይወጣል። እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላው፣ ቡናው በዚህ ውስጥ የለም። ያንን ሸክም የምትሸከመው ማን እንደሆነች አልነግራችሁም፤ ታውቋታላችሁ። ማታ እግሩ በሞቀ ውሃ የሚታጠበው ግን ብዙውን ጊዜ እንጨቱን ያልተሸከመው ነው። ይህን ማለቴ የእግር ማጠብ ባህላችን ይቅር ለማለት አይደለም። መልካም ባህል ነው። ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ እንወቅ ለማለት ነው።

እንጨት በሌለበት አገርስ? የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ከእንጨት ያነሰ ሙቀት ስላለው የሚያስፈልገው መጠን ቢበዛ እንጂ አያንስም፤ እኛ ግን በዓመት 8 ኩንታል ብቻ እንበል። በመቶ ኪሎ ደረቅ ኩበት ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ አመድ ውስጥ አይቀርም። በ8 ኩንታል ከ8 እስከ 16 ኪሎ ናይትሮጅን ተቃጠለ ማለት ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። እንግዲህ አካፍሉት፤ ከ17 እስከ 35 ኪሎ ዩሪያ በጣሪያችን በኩል ወጥቶ ሄደ። መሬቱን የሚያለሰልሰው፣ እርጥበት የሚይዝለት የፍግ አካል ደግሞ ዩሪያ ጭራሽ የለውም። ማዳበሪያ ተወደደ ብለን በገበያው ቀን ስንማረር እንውላለን፤ ማታ ገብተን ማሳችንን ለእግር ውሃ እናነደዋለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ገንዘብ በማይጠይቀው እንጀምር። ክዳን! ኧረ በክዳን ጉዳይ አትሳቁ። ክዳን የሌለው ድስት ሲፈላ እንፋሎቱ ይወጣል፤ እንፋሎት ማለት ደግሞ ያባከናችሁት ማገዶ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በእንፋሎት ወጥቶ እንዲያልቅ ወደ 540 ኪሎ ካሎሪ ይበላል። ያንኑ አንድ ሊትር ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት በደብረ ብርሃን ከፍታ 70 ኪሎ ካሎሪ ይበቃል። ስለዚህ ከድስታችሁ አንድ ሊትር ተንኖ ካለቀ፣ ሰባት ሊትር የሚያፈላ ማገዶ አብሮት ጠፋ። ውሃ ደጋ ላይ የሚፈላው ገና በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 ዲግሪ የሚባለው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት ያው 90 ነው፣ አይሞቅም፣ ይተናል እንጂ። ለመጠጥ የሚፈላ ውሃም ቢሆን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር እየተንተከተከ ሦስት ደቂቃ ከቆየ በቂ ነው። ለመታጠቢያ የሚሆነውማ መፍላትም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጭቃ ነው። ጉልቻውን ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ክበቡት፤ ማገዶ የሚገባበትን አንድ በር ብቻ ተዉ። በግድግዳውና በድስቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፣ ጭሱና ነበልባሉ የድስቱን ጎን እየላሰ እንዲወጣ። ነፋስ ሙቀቱን መውሰዱ ይቀራል። እንጨቱም ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ተደርድሮ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ማንደድ ውሃ ለማሞቅ ሌላ ውሃ ማትነን ነው።

ሦስተኛውን ግን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ሙቀትን ማስቀመጥ ይቻላል። በከተማ ሰው ቤት ያለው ፔርሙስ የሚሠራውን ጭድ ይሠራዋል። ትልቅ ቅርጫት ወይም ሣጥን ውሰዱ፣ ከታችም ከጎንም አንድ ስንዝር ያህል ጭድ ጠቅጥቁበት፣ በመካከሉ ለድስቱ የሚሆን ጎድጓዳ ቦታ አበጁ። ማታ እራት ሲበስል በዚያው እሳት ላይ ውሃው ይሙቅ፤ ከዚያ ድስቱን ከነክዳኑ ጎድጓዳው ውስጥ አስቀምጡና በላዩ በጭድ የተሞላ ከረጢትና አሮጌ ጋቢ ድፉበት። ጠዋት ስትከፍቱት ለፊት መታጠቢያ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ታገኛላችሁ። የጠዋቱ እሳት ቀረ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የድስቱ ቂጥ ላይ የተጣበቀ ፍም አለመኖሩን በደንብ አይታችሁ ጥረጉት። ጭድና ፍም አብረው አያድሩም።

ከዚህ በኋላ ፀሐይ አለችን። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ በአንድ ጥሩ ቀን የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ውስጥ ካለው ሙቀት ጋር ተቀራራቢ ነው። በነፃ ይወርዳል፣ በነፃ ይመለሳል። የዘይት ጄሪካን ጥቁር ቀለም ቀቡ፤ ብጫው ብርሃኑን ይመልሰዋል፣ ጥቁሩ ይውጠዋል። ነፋስ በማይነካው ቦታ ጭድ አንጥፋችሁ አጋድሙት፣ በላዩ ነጭ ላስቲክ ወጥሩበት። ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሩት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወጥቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዋል፤ ከዚያ ወደ ጭድ ቅርጫቱ ይግባ። የማታው የእግር ውሃ ይኸው ነው። ይህ ውሃ ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። በክረምት ደግሞ አይሠራም፤ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትስሙት። ግን ውርጩ የሚበረታው ሰማዩ ጥርት በሚልበት ወራት አይደለም እንዴ?

ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው የእኔ ምክር ከሌላው ሁሉ በፊት ምርት ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በክፍል በክፍሉ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን የሚዘጋ የእንጀራ ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያስቀራል። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ግን ኋላው ነው። ጭሱ በሚወጣበት በኩል ድስት የሚቀመጥበት ቦታ አለው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን እዚያ ላይ የተጣደ ውሃ ለብቻው አንዲት ጭራሮ ሳይነድለት ይሞቃል። ምርት ምድጃ ያላቸው ቤቶች ያንን ቦታ ባዶውን ሲተዉት ሳይ ይቆጨኛል። ልብስ ማጠብንና ገላ መታጠብን በመጋገሪያው ቀን ማድረግ ምን ይከብዳል?

ባዮጋዝም አለ። ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማካይነት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በብዙ ሺህ ቤቶች ተቆፍሯል። ፍጉ ጋዙን ከሰጠ በኋላ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል፤ ከኩበት ማንደድ ጋር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሆኖም አራት ያህል ከብት፣ ቅርብ ውሃና ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ለሌለው ቤት አይሆንም። ውሃ የራቀበት ቤት ጉድጓዱ ደርቆ ይቀራል።

መብራትስ? ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሆኖም ሽቦው ያልደረሰው ቀበሌ ገና ብዙ ነው። በደረሰበትም ቢሆን 2,000 ዋት የሚስብ የውሃ ማሞቂያ ባለ 10 ዋት አምፖል 200 በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። የተላጠ ሽቦ ባልዲ ውስጥ የሚነክሩትን ደግሞ ከልጆቻችሁ አርቋቸው፤ ይገድላል።

አሁን ወደዚያ ባለ ተረት ሰው እንመለስ። እውነተኛ ተቃውሞ አለው፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ሦስት ጉልቻ ቤት ያሞቃል፣ ያበራል፣ ጭሱም የሣር ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቃል። ተዘግቶ የሚነድ ምድጃ እነዚህን ይቀንሳል። የደጋ ሰው የማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጦ የሚሞቅ ከሆነ ይሙቅ፤ ያ እሳት ግን ራት የሚያበስል፣ ውሃም የሚያሞቅ አንድ እሳት ይሁን። ለውሃ ብቻ ተብሎ የሚለኮሰው ሌላው እሳት ነው መቅረት ያለበት። ጭሱን በተመለከተ ግን አልስማማም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በፈረንጆች 2020 ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ነቀዝ የሚገድል ጭስ የልጅን ሳንባ አይምርም።

መኸር ገብቶ እጅ ሲፈታ፣ ጥር ላይ፣ በቀበሌያችሁ ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ። የምርት ምድጃ ማውጫ ቅርጽ ውድ ነው፤ ለአንድ ቤት አይገዛም፣ ለአንድ መንደር ግን በመዋጮ ይገዛል፤ ሲሚንቶውም በጋራ ሲመጣ ይረክሳል። በእቁብ ወይም በእድር በኩል ተራ ይያዝ፤ ተራው ከአራስ ቤት ይጀምር። በዚያ ስብሰባ ላይ ሴቶቹ ከኋላ እንዳይቀመጡ። የምድጃውን ቁመት፣ የድስቱን ስፋት፣ የጭድ ቅርጫቱ የሚቀመጥበትን ጥግ የሚለኩት እነሱ ናቸው፤ ወንዶቹ ጭቃውን ያቡኩ።