የሞጆ ሥጋ በላሆር እጅ

በዱባይና በሻርጃ ወሰን ላይ የሚገኘው ሰፊ የሠራተኞች መኖሪያ በካርታ ላይ ሙሃይስና 2 ተብሎ ተመዝግቧል። ነዋሪዎቹ ግን ሶናፑር ይሉታል፤ በሕንድኛ «የወርቅ ከተማ» ማለት ነው። ስሙ በቀልድ ይውጣ በተስፋ፣ ለመለየት ያስቸግራል። በዚያ የሚኖር አንድ የከሚሴ ልጅ ባለፈው ዓርብ ከዒሻ ሰላት በኋላ እራት ጋበዘኝ። በሰፈሩ ካሉት ርካሽ የሩዝ ቤቶች ወደ አንዱ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን ታክሲ አስቁሞ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ወደ ተነጠፈበትና አስተናጋጆቹ ጥቁር ሰደርያ ወደ ለበሱበት ባለ ስም የፓኪስታን ምግብ ቤት ወሰደኝ።

«ጋሼ፣ ወደዚህ ቤት በሳምንት ሦስት ቀን እመጣለሁ፤ ሁልጊዜም በጓሮ በር ነው። ዛሬ አንዴ በፊት ለፊት ልግባ ብዬ ነው» አለኝ።

ሥራው በማቀዝቀዣ መኪና ለምግብ ቤቶች ሥጋ ማድረስ ነው። ያዘዝነው ቢርያኒ አፉ በሊጥ በታተመ የሸክላ ድስት ቀረበ። ሕንዶችም ፓኪስታኖችም ይህን አሠራር «ዱም» ይሉታል፤ ሥጋውና ሩዙ በራሳቸው እንፋሎት ታፍነው በዝግታ ይበስላሉ። አስተናጋጁ ሊጡን በቢላ ሲከፍተው የሄል፣ የቀረፋና የቅርንፉድ ሽታ ጠረጴዛውን ሞላው። ወዳጄ ቢስሚላህ ብሎ አንድ ጎድን አነሣ፤ አገላብጦም አየው። «ይህን ትናንት ጠዋት ያወረድኩት እኔ ነኝ። የሞጆ ነው» አለ። ቀጥሎም ሳቀ፤ «እኔና ፍየሉ የመጣነው በአንድ አየር መንገድ ነው፤ እኔ በወንበር፣ እርሱ በጭነት።»

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። በሞጆና በቢሾፍቱ የሚገኙት የኤክስፖርት ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋ በሐላል ሥርዓት አሳርደው፣ አቀዝቅዘው፣ በስስ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከቦሌ በአውሮፕላን ይልካሉ። ከዋነኞቹ ገዢዎች መካከል የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ሳዑዲ ዓረቢያ ይገኙበታል። ሥጋው ከአገራችን የሚወጣው ግን ሙሉ በድን ሆኖ፣ በኪሎ ዋጋ ነው። ክብሩንና ከፍ ያለውን ዋጋ የሚያገኘው ከላሆር ወይም ከሃይደራባድ በመጣ ወጥ ቤት እጅ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያስጨነቀኝም ይኸው ነው፤ እኛ እስከ ጓሮ በር እናደርሳለን፣ በፊት ለፊት የሚሸጠው ሌላ ነው።

ጥበቡ ለእኛ ባዕድ ቢሆን ኖሮ ቅር ባላለኝ ነበር። በዚያ ድስት ውስጥ የነበረው ቅመም ከሞላ ጎደል በእናቶቻችን ጓዳ አለ፤ እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ አብሽ፣ ዝንጅብል። ሳምቡሳችንም የዚሁ ሰፊ ዓለም ልጅ ነው፤ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዴልሂ ሱልጣን ማዕድ ላይ በሥጋና በለውዝ የተሞላ ሳምቡሳ መቅረቡን ጽፏል። ሐበሻም በሕንድ ምድር እንግዳ አልነበረም። በ1548 አካባቢ በኢትዮጵያ ተወልዶ በባርነት የተሸጠው ማሊክ አምባር በደከን የአሕመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ እስከ መሆን ደርሷል፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችውንም ከተማ በ1610 ቆርቁሯል። ባሪያ ሆኖ የሄደ ሰው በሰው አገር ከተማ ከመሠረተ፣ በነፃነት የመጣ ሰው አንድ ደኅና ምግብ ቤት እንዴት ያቅተዋል?

የደቡብ እስያ ሰዎች ዛሬ ከቆሙበት የደረሱት በአንድ ጀምበር አይደለም። በሳትዋ የሚገኘው «ራቪ» የተባለው የፓኪስታን ምግብ ቤት በ1978 ሲከፈት ትንሽ የሠፈር ማዕድ ቤት ነበር። ያንኑ ካራሂና ያንኑ ዳል ሳይለዋውጥ እየሠራ ቆይቶ በ2022 አዲዳስ በስሙ ጫማ አወጣለት። በፓልም ጁመይራ ያለው የሕንድ ምግብ ቤት «ትሬሲንድ ስቱዲዮ» ደግሞ በ2025 ከሕንድ ምግብ ቤቶች በዓለም የመጀመሪያው ሆኖ ሦስት የሚሼሊን ኮከብ አግኝቷል። ይህኛው የወይን ጠጅ የሚቀርብበት በመሆኑ ብዙዎቻችን ደጁን አንረግጥም፤ የጠቀስኩት የሠራተኛ ምግብ ተብሎ የተናቀ ወጥ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

በዴራ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉን፤ ምግባቸውም ይጣፍጣል። ነገር ግን የማውቃቸው አብዛኞቹ በናፍቆት የሚኖሩ ናቸው። ደንበኛቸው ሐበሻ፣ ጌጣቸው መሶብና ጀበና፣ ማታ ማታ ድምፁ ከፍ ያለ ሙዚቃ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ የሻርጃ ጎረቤቱንም ጋብዞ በጸጥታ ሊመገብ የሚሻ ሙስሊም የሚሄድበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ወደ ፓኪስታኑ ይሄዳል፤ እኛም እንደ ሄድን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ ያላለው አጋጣሚ አለ። በአገር ቤት ሥጋ በሃይማኖት የተከፈለ ነው። የሙስሊም ሥጋ ቤትና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ ይቆማሉ፤ የወሎ ሠርግ እንኳ ዘመድ ከዘመድ ተቃቅፎ እየጨፈረ ሁለት እርድ ይታረድለታል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሐላሉ ምግብ ቤት ከገበያው ከፊሉን ብቻ ይዞ መኖር ግድ ሆኖበታል። በኤምሬቶች ግን ተለይቶ ከሚሸጠው የአሳማ ሥጋ በቀር ወደ አገሩ የሚገባው ሥጋ የሐላል ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ዓረቡም፣ ሕንዱም፣ ፊሊፒኖውም፣ እዚህ ያለው ክርስቲያን ወገናችንም የሚገዙት ከዚሁ ነው። ለሐበሻ ወጥ ቤት ማዕዱን የማይከፍል ገበያ ያገኘበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ ከሞጆ የሚመጣለት ሥጋም እደጁ ነው። የጎደለው ወጡን በየቀኑ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚሠራ፣ ልኩን በወረቀት ያሰፈረ፣ እንግዳው እንጀራን እንዴት እንደሚቆርስ ሳያሳፍር የሚያሳይ ባለሙያ ነው። ገንዘብም ያስፈልጋል፤ ሆኖም በየወሩ ወደ አገር ቤት ለቤት መሥሪያ የሚላከውን ሳስብ የገንዘቡ ነገር ሁለተኛ ይመስለኛል።

ሒሳቡ 240 ድርሃም መጣ። ልክፈል ብል በአላህ ማለና እምቢ አለኝ። አንዳንድ አንባቢ በሶናፑር ባለ ተደራራቢ አልጋ ላይ ለሚያድር ሰው ይህ ኢስራፍ ነው ይል ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። የእናቱን ወርኃዊ ድርሻ ልኳል፤ ገንዘቡ የላቡ ነው፤ በስምንት ዓመት አንዴ ነው። ቁርኣን የከለከለው ማባከንን እንጂ መመገብን አይደለም። ይልቅስ ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ ግማሹ የተተወ የሥጋ ትሪ ነበር። ስለ እርሱ ማንም ኢስራፍ ሲል አልሰማሁም።

የእኛን ትራፊ ወዳጄ አሳስሮ ለክፍል ጓደኞቹ ያዘ። ከመውጣታችን በፊት አስተናጋጁ ምግቡ እንዴት እንደ ነበር ሲጠይቀው ወጥ ቤቱን ላመስግነው አለ። ኃላፊው ከጓዳ ወጥቶ ሲያየው ለጊዜው ግር አለው፤ በሥራ ልብሱ እንጂ በጀለቢያ አይቶት አያውቅም። ከዚያ እጁን ጨብጦ፣ የእሑዱ ሥጋ ከሱብሒ በፊት እንዲደርስለት አደራ አለው።