ዱላውም ይሰቀል!

የፖሊስ ታሪክ ሙዚየም ይቁም ሲባል እልል የሚል ሞልቷል። እኔ የጥርባው ልጅ ግን ከማጨብጨቤ በፊት ልጠይቅ፤ መስታወቱ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው? የደንብ ልብስ፣ ኒሻን፣ ፊሽካ፣ የአዛዦች ፎቶግራፍ? ይኼማ የዕቃ ግምጃ ቤት ነው!

ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ከቆመ ወዲህ ሌባ ይዟል፣ ነፍሰ ገዳይ አሳዷል፤ ማን ካደ? ይጻፍለት። ነገር ግን በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ መሬቴን ሊለኩብኝ ነው ብሎ እምቢ አለ። ያኔ ከግብር ገማቹ ኋላ ጠመንጃ ይዞ የመጣው ማነው? ፖሊስና ነጭ ለባሽ! ቀጥሎም አውሮፕላን መጣ፣ መንደር በቦምብ ተደበደበ። ገበሬው ግን አልተበገረም፤ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። ታዲያ የዚያ ዘመን ዱላ የት ገባ? ለእነዚያ ገበሬዎች የልጅ ልጆች ፊሽካ አሳይቶ መሸኘት ምን ይሉታል?

ማዕከላዊንም ተመልከቱ። ደርግ ገረፈበት፤ ኢሕአዴግም ወርሶ ገረፈበት። በታኅሣሥ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ተዘግቶ ሙዚየም ይሆናል አሉ። በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ የነበሩት እስረኞች ግን ሌላ እስር ቤት ተዛወሩ። በጳጉሜ 2011 ሕዝብ ገብቶ አየው። እስረኛው አንዱን ክፍል «ጨለማ ቤት»፣ አንዱን «ጣውላ ቤት»፣ ሻል ያለውን «ሸራተን» ይለው ነበር (የሀበሻ ቀልድ ግርፋት እንኳ አይገድለው!)። እሺ፣ ክፍሉን አየን። የምርመራው መዝገብስ? የትዕዛዙ ፊርማስ? በካምቦዲያ ቱል ስሌንግ ገዳዮቹ ራሳቸው ያነሱት የእስረኞች ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተደርድሯል፤ እዚያ ማንም አልሰማሁም፣ አላየሁም ሊል አይችልም።

የፖሊስን ሞራል ይነካል የሚሉ አሉ። የማንን ፖሊስ? ትናንት ተመርቆ የወጣው ወጣት ኮንስታብል የገረፈው ሰው የለም፤ ለምን የሌላውን ዱላ ይሸሽጋል? ይልቅስ ቢያየው ነገ ግረፍ ሲባል እምቢ የሚልበት አፍ ያገኛል። የሚነካው የሌላ ሰው ሞራል ነው፤ የፈራሚው!

መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ያየ ልዩነቱ ይገባዋል። ያንን ያቆሙት የሟች ቤተሰቦችና ከሞት የተረፉት ናቸው፤ አጽሙም፣ ልብሱም፣ ፎቶግራፉም አልተሸሸገም። እንግዲህ የፖሊስ ሙዚየም ኮሚቴ ሲቋቋም የተገረፈም ይግባበት፤ የአዛዥ ጡረተኛ ብቻ አይሰብሰብበት። ጎጃም ውስጥ 1960ን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎችም ቃላቸው ይቀዳ፤ በሕይወት የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።